ስለ ጉበት ሥራና ስለ ወፍ በሽታ

ለባላገር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተጻፈ



በአገራችን የሰው ዓይኑ ቢጫ ሲሆን፥ ሽንቱ ሲጠቁር፥ እህልም ሲያስጠላው «የወፍ በሽታ ያዘው» ይባላል። ይህን ስም ከአባቶቻችን ተቀብለነዋል። አንዳንዱ ሰው የሌሊት ወፍ በላዩ ስለ በረረች ነው ይላል፤ አንዳንዱም ሽንቷ ስለ ነካው ነው ብሎ ይተርካል። በሽታውን በዚህ ስም መጥራት የሚጎዳ ነገር የለበትም። የሚጎዳው ግን ምክንያቱን ሁሉ በወፍ ላይ ጥሎ እውነተኛውን ምክንያት ሳይመረምሩ መቅረት ነው። በሽታው በምንጭ ውሃና በምላጭ ስለት ሲገባ ሳለ እኛ ወደ ሰማይ ስናይ ብንኖር፥ ልጆቻችንን ልንጠብቃቸው አንችልም።

ስለዚህ በዚህች ትንሽ ጽሑፍ ጉበት ምን እንደ ሆነ፥ ምን ሥራ እንደሚሠራ፥ በምን በምን እንደሚታመም፥ ሊቃውንትም በቅርብ ዘመን መርምረው ያገኙትን በአጭሩ እንገልጻለን። መምህር ይህን አንብቦ ለተማሪዎቹ ያስረዳ፤ ሽማግሌም ሰምቶ ለጎረቤቱ ይንገር። ከዚህ በታች የተጻፈው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስተውል።

1ኛ። ጉበት የት እንደሚገኝ

በግ ወይም ፍየል ሲታረድ ያየ ሰው ጉበትን ያውቃል። መልኩ ቀይ ሆኖ ወደ ጥቁረት ያደላ፥ ሲዳሰስ ልስልስ፥ ሲመዘን ከባድ ነው። ከሥሩም አረንጓዴ ፈሳሽ የያዘ ትንሽ ከረጢት ተለጥፎ ይገኛል፤ ይህም ሐሞት ነው። ዐዋቂ አራጅ ይህ ከረጢት እንዳይቀደድበት ተጠንቅቆ ያወጣዋል፤ ከፈሰሰ ሥጋውን መራራ ያደርገዋልና።

የሰውም ጉበት ይህን ይመስላል። ስፍራው በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንት ሥር ነው። ክብደቱ በአዋቂ ሰው ዘንድ ወደ 1 ኪሎ ተኩል ይደርሳል። በሆድና በደረት ውስጥ ካሉት ብልቶች ሁሉ ይልቅ እርሱ ይተልቃል።

በቋንቋችን ሰው ሲፈራ «ሐሞቱ ፈሰሰ» እንላለን፤ ድፍረት የሌለውንም «ሐሞተ ቢስ» ብለን እንጠራዋለን። ይህ አነጋገር ለንግግር ጌጥ ነው። የሐሞት እውነተኛ ሥራ ግን ድፍረትን መስጠት ሳይሆን፥ ወደ ፊት እንደምናየው፥ የበላነውን ቅባት ማሟሟት ነው።

2ኛ። የእህል መንገድ

የጉበትን ሥራ ለማወቅ አስቀድሞ እህል ከአፍ ተነሥቶ የሚሄድበትን መንገድ ማወቅ ይገባል።

እንጀራ በጥርስ ሲታኘክ ምራቅ ይቀላቀልበታል፤ ከዚያም በጉሮሮ ወርዶ ወደ ጨጓራ ይገባል። ጨጓራ እህሉን እንደ ሊጥ ያሸዋል፤ ኀይለኛ አሲድም ያፈስበታል። ይህ ነገር በግልጽ የታወቀው በአንድ አደጋ ምክንያት ነው። በ1822 በሰሜን አሜሪካ በማኪናክ ደሴት አሌክሲስ ሴንት ማርቲን የተባለ ወጣት ሳይታሰብ በተተኰሰ ጠመንጃ ሆዱን ተመታ። ዊልያም ቦሞንት የሚባል የጦር ሠራዊት ሐኪም አከመውና ዳነ፤ ነገር ግን ቁስሉ ሳይገጥም ቀርቶ እስከ ጨጓራው የሚያሳይ ቀዳዳ በሆዱ ላይ ቀረ። ሐኪሙም ሥጋና ዳቦ በክር አስሮ በዚያ ቀዳዳ እያስገባና እያወጣ፥ እህል በስንት ሰዓት እንደሚሟሟ ለብዙ ዓመት ሲመለከት ኖረ። ያየውንም በ1833 በመጽሐፍ አሳተመ። እህል በጨጓራ ውስጥ የሚፈጨው በሙቀት ብቻ ወይም በመበስበስ ሳይሆን በሚያሟሟ ፈሳሽ መሆኑ ከዚህ በኋላ ጸና።

ከጨጓራ የወጣው እህል ወደ ትንሹ አንጀት ይገባል። ይህም አንጀት በአዋቂ ሰው ርዝመቱ ወደ 6 ሜትር ይሆናል። በዚያ ከጉበት የመጣ ሐሞትና ከቆሽት የመጣ ፈሳሽ ይገናኙታል። ሐሞት ቅባቱን እንደ ሳሙና በትኖ ያደቀዋል፤ የቆሽትም ፈሳሽ የቀረውን ያልመዋል። የላመውም ምግብ በአንጀቱ ግድግዳ አልፎ ወደ ደም ይገባል። የማይፈለገው ገለባ ብቻ ወደ ትልቁ አንጀት አልፎ ይወጣል።

ከአንጀት የተነሣው ደም ግን በቀጥታ ወደ ልብ አይሄድም። በአንድ ወፍራም የደም ሥር ተሰብስቦ አስቀድሞ ወደ ጉበት ይገባል። በቀድሞ ዘመን ነጋዴ ከሩቅ አገር ዕቃ ጭኖ ሲመጣ ኬላ ሳይደርስ ወደ ከተማ እንደማይገባ፥ እንዲሁ ከአንጀት የተነሣ ምግብ ሁሉ በጉበት ኬላ ሳይፈተሽ ወደ ሰውነት አይሰራጭም። ቅባት ብቻ ከዚህ ሥርዓት ይለያል፤ አብዛኛው በሌላ ቀጭን መንገድ ዞሮ ወደ ደም ይገባል።

3ኛ። ጉበት የሚሠራው ሥራ

በየደቂቃው ወደ 1 ሊትር ተኩል የሚያህል ደም በጉበት ውስጥ ያልፋል። ከዚህም ከአራት እጅ ሦስቱ ያህል ከአንጀት በኩል የመጣ ነው። ጉበት በዚህ ደም ላይ የሚሠራው ሥራ ብዙ ነው፤ ዋናውን ግን በአምስት ከፍለን እናሳያለን።

የመጀመሪያው ጎተራነት ነው። ከምግብ በኋላ በደም ውስጥ የበዛውን ስኳር ጉበት ተቀብሎ ያከማቻል፤ ሰውነት ሲርበውም ጥቂት በጥቂት ያወጣለታል። ክሎድ ቤርናር የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ በ1857 ይህን የተከማቸ ነገር ከጉበት ለይቶ አወጣውና ግላይኮጅን ብሎ ሰየመው። ጿሚ ሰው ከማታ ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምስ ሲቆይ አእምሮው የማይደክመው ይህ ጎተራ ስላለው ነው።

ሁለተኛው ሐሞትን ማዘጋጀት ነው። በቀን ከግማሽ ሊትር እስከ 1 ሊትር የሚደርስ ሐሞት ያመነጫል። ከረጢቱም ምግብ እስኪበላ ድረስ ያቆየዋል፤ የሰባ ነገር ሲበላ ተጨምቆ ወደ አንጀት ያፈሰዋል።

ሦስተኛው ለደም የሚያስፈልጉትን ነገሮች መሥራት ነው። ሰው እሾህ ወግቶት ሲደማ ደሙ ረግቶ የሚቆመው ጉበት የሠራቸው ነገሮች በደሙ ውስጥ ስላሉ ነው። የደም ውሃ ከሥሩ ወጥቶ በሆድና በእግር እንዳይጠራቀም የሚይዘውም ነገር የጉበት ሥራ ነው። ስለዚህ ጉበቱ የደከመ ሰው ድዱና አፍንጫው በቀላሉ ይደማል፤ ሆዱም ውሃ ይቋጥራል።

አራተኛው መርዝን ማርከስ ነው። አልኮልም ቢሆን፥ ሐኪም ያዘዘው መድኃኒትም ቢሆን፥ ከቅጠላ ቅጠል የተጨመቀ ነገርም ቢሆን፥ ከሰውነት ለመውጣት ብዙውን ጊዜ በጉበት ማለፍ አለበት። መርዙ ከመጠን ያለፈ እንደ ሆነ ግን በረኛው ራሱ ይቈስላል።

አምስተኛው ራሱን ማደስ ነው። ከውስጥ ብልቶች ሁሉ እንደ ጉበት ተቈርጦ ተመልሶ የሚያድግ የለም። በ1931 በአሜሪካ ሁለት ተመራማሪዎች ከአይጥ ጉበት ከሦስት እጅ ሁለቱን ቈርጠው ቢያወጡ፥ የቀረው በጥቂት ሳምንት አድጎ የቀድሞውን ያህል እንደ ሆነ አሳዩ። በ1963 ቶማስ ስታርዝል የተባለ ሐኪም በዴንቨር ከተማ የሰውን ጉበት ለሌላ ሰው ለመተካት ለመጀመሪያ ጊዜ ሞከረ፤ በ1967ም ሥራው ተሳካለት። ዛሬ አባት ከጉበቱ ከፍሎ ለልጁ ሲሰጥ፥ በአባት የቀረውም ለልጅ የተሰጠውም ክፍል በሁለቱ ሰውነት ያድጋል።

ነገር ግን ይህ ትዕግሥቱ አደጋ አለበት። ጉበት ብዙ ተጎድቶ ሳለ እንደ ጥርስ አይጠዘጥዝም፥ እንደ ጨጓራም አያቃጥልም። ስለዚህ ብዙ ሰው ጉበቱ መታመሙን የሚያውቀው አብዛኛው ክፍል ጠባሳ ሆኖ ከደነደነ በኋላ ነው። የደነደነም ጉበት እንደ ቀድሞው መታደስ ይሳነዋል።

4ኛ። ዓይን ስለ ምን ቢጫ ይሆናል

የደም ቀይ ሕዋሳት ዕድሜ ወደ 120 ቀን ነው። ያረጀው ሲፈርስ ቢሊሩቢን የሚባል ቢጫ ነገር ከእርሱ ይወጣል። ጉበት ይህን ለቅሞ ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ያስወግደዋል። የዓይነ ምድር መልክ ቡናማ የሚሆነው ከዚህ የተነሣ ነው።

እንግዲህ ጉበት በታመመ ጊዜ፥ ወይም የሐሞት መንገድ በጠጠር በተዘጋ ጊዜ፥ ይህ ቢጫ ነገር መውጫ አጥቶ ወደ ደም ይመለሳል። የዓይን ነጩ ክፍል ቢጫ ይሆናል፤ ቀጥሎ ቆዳ ይለወጣል። ትርፉ በኩላሊት ሲወጣ ሽንትን ያጠቁረዋል። ወደ አንጀት የሚደርሰው ስለሚጐድልም ዓይነ ምድር ይነጣል። የአካሉ ለውጥ ሁሉ ከዚህ ከአንድ ነገር የመጣ ነው እንጂ የወፍ ሥራ አይደለም።

ደግሞ ቢጫነት ምልክት እንጂ ራሱ አንድ በሽታ አለመሆኑን ልብ ማለት ይገባል። ወባም ቀይ ሕዋሳትን በብዛት ሲያፈርስ ዓይንን ቢጫ ሊያደርግ ይችላል። የተወለደ ሕፃንም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢጫ ሊሆን ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይለቃል፥ በተወለደ በመጀመሪያው ቀን የታየ ወይም እየበረታ የሚሄድ ግን ፈጥኖ ለሐኪም መታየት አለበት። ስለዚህ ቢጫ ዓይን ያለውን ሁሉ በአንድ መድኃኒት ማከም፥ ራስ ምታት ያለበትን ሁሉ በአንድ ነገር እንደ ማከም ያለ ስሕተት ነው።

5ኛ። በውሃ የሚመጣው የጉበት በሽታ

ጉበትን ከሚያቈስሉት ነገሮች በብዛት የሚገኙት ቫይረስ የሚባሉ፥ በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ናቸው። ሊቃውንት በፊደል ኤ፥ ቢ፥ ሲ፥ ዲ፥ ኢ ብለው አምስት ለይተዋቸዋል። መንገዳቸው ግን ሁለት ነው፤ አንዱ በአፍ፥ ሁለተኛው በደም ነው።

ኤ እና ኢ የተባሉት በአፍ ይገባሉ። ከታመመው ሰው ዓይነ ምድር ወጥተው ከምንጭ ወይም ከወንዝ ውሃ ጋር ይቀላቀላሉ፤ ወይም ባልታጠበ እጅ ወደ ምግብ ይደርሳሉ። በ1955 መጨረሻና በ1956 መጀመሪያ በሕንድ አገር በዴልሂ ከተማ የቆሻሻ ፍሳሽ ወደ መጠጥ ውሃ ገብቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ወደ 29,000 የሚሆኑ ሰዎች ዓይናቸው ቢጫ ሆነ። ይህ ወረርሽኝ ኢ የተባለው እንደ ነበረ ከብዙ ዓመት በኋላ ታወቀ። በአገራችንም በ1980ዎቹ መጨረሻ በሰሜን ኢትዮጵያ በወታደሮች ሰፈር፥ በኋላም በ2014 እና በ2015 በጋምቤላ በስደተኞች ሰፈር ይኸው በሽታ ታይቷል። ሰው ተጨናንቆ በሚኖርበትና ንጹሕ ውሃና መጸዳጃ በሚጐድልበት ስፍራ ይበረታል።

እነዚህ ሁለቱ ብዙውን ጊዜ በሽተኛውን ጥቂት ሳምንት አስተኝተው ይለቁታል። «የወፍ መድኃኒት አዳነኝ» የሚል ሰው ብዙ የሆነበት ምክንያት ይህ ነው፤ ሰውነቱ ራሱ ባሸነፈው በሽታ ምስጋናው ለሥር ማሹ ይሰጣል። ነገር ግን ኢ የተባለው በእርጉዝ ሴት ላይ፥ ይልቁንም በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት፥ እጅግ አስፈሪ ነው። በዚህ ጊዜ ከተያዙት እናቶች ከ100 ከ20 እስከ 25 የሚደርሱ ሊሞቱ እንደሚችሉ የዓለም ጤና ድርጅት ያስታውቃል። ስለዚህ ዓይኗ ቢጫ የሆነ እርጉዝ ሴት አንድ ቀን እንኳ በቤት ልትዘገይ አይገባትም።

6ኛ። በደም የሚመጣው የጉበት በሽታ

ቢ እና ሲ የተባሉት መንገዳቸው ሌላ ነው። ከታመመው ሰው ደም ወደ ጤነኛው ደም ይገባሉ። ቢ ደግሞ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና፥ ከሁሉ ይልቅ በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ሕፃን ይተላለፋል።

ባሩክ ብሉምበርግ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ በልዩ ልዩ አገር የሚኖሩ ሰዎችን ደም ሲያነጻጽር፥ ከአውስትራሊያ ነባር ነዋሪ በተወሰደ ደም ውስጥ ከዚህ በፊት ያልታወቀ ነገር አገኘ። ይህንንም በ1965 በጽሑፍ አስታወቀ። መጀመሪያ ምን እንደ ሆነ አላወቀውም ነበር፤ በ1967 ግን የጉበት በሽታ ምልክት መሆኑን ተረዳ። ቢ የተባለው ቫይረስ የታወቀው በዚህ ነው። በዚህም ሥራው በ1976 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ክትባቱም በአሜሪካ በ1981 ተፈቀደ። ሲ የተባለው በ1989 ተገኘ፤ ሀርቪ ኦልተር፥ ማይክል ሀውተንና ቻርልስ ራይስ ስለዚሁ ሥራቸው በ2020 ኖቤልን ተሸለሙ።

የቢ ነገር በጣም የሚያሳዝነው ስለ ሕፃናት ነው። አዋቂ ሰው በዚህ ቫይረስ ሲያዝ ከ100 ከ5 በታች የሚሆኑት ብቻ በሽታው ይከርምባቸዋል፤ የቀሩት ያሸንፉታል። ሲወለድ የተያዘ ሕፃን ግን ከ100 ወደ 90 የሚጠጉት ዕድሜያቸውን ሁሉ ተሸክመውት ይኖራሉ። ልጁ ያድጋል፥ ይማራል፥ ያርሳል፥ ያገባል፤ ሕመም አያውቅም። ከዚያም በሠላሳና በአርባ ዓመቱ፥ ቤቱን ሊደግፍ በሚገባው ዕድሜ፥ ጉበቱ ደንድኖ ወይም የጉበት ካንሰር ይዞት ይወድቃል። ጎረቤትም «ደኅና ሰው ነበረ፥ ድንገት ታሞ ሞተ» ይላል። ድንገት አይደለም፤ በሽታው ከተወለደበት ቀን ጀምሮ አብሮት ነበረ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገመተው በ2022 በዓለም 254 ሚሊዮን ሰዎች ቢ፥ 50 ሚሊዮን ሰዎች ደግሞ ሲ የተባለውን ተሸክመው ይኖሩ ነበር፤ በዚያው ዓመት በጉበት ቫይረስ የሞቱት 1.3 ሚሊዮን ናቸው።

ይህን ክፉ ነገር ማቆም እንደሚቻል ግን የታይዋን አገር አሳይታለች። በዚያ በ1984 ቫይረሱ ካለባቸው እናቶች የሚወለዱትን ሕፃናት፥ በ1986 ደግሞ ሕፃናትን ሁሉ መከተብ ተጀመረ። ቀድሞ ከ100 ልጆች ወደ 10 የሚጠጉት ቫይረሱ ነበረባቸው፤ ከ20 ዓመት በኋላ ግን ወደ 1 ወረደ። በልጆች ላይ ይታይ የነበረውም የጉበት ካንሰር እንደ ቀነሰ በ1997 ተገለጠ። ካንሰርን በክትባት መከላከል እንደሚቻል ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በዚህ ነው። በኢትዮጵያም ከ2007 ጀምሮ ይህ ክትባት ከሌሎች አራት ጋር ተቀላቅሎ ለሕፃናት በ6ኛው፥ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይሰጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ከዚህ ሌላ ሕፃኑ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ አንድ ክትባት እንዲያገኝ ይመክራል። እርጉዝ ሴት ደሟን ብትመረመርና ቫይረሱ ቢገኝባት፥ ልጇን የሚጠብቅ መድኃኒትና ክትባት አለ።

7ኛ። ስለ ምላጭና ስለ መርፌ

ቢ የተባለው ቫይረስ ከሰው ሰውነት ውጭ ሆኖ ቢያንስ 7 ቀን በሕይወት ይቆያል። እንግዲህ በአንድ ምላጭ ዋግምት የሚያወጣ፥ እንጥል የሚቈርጥ፥ ልጆችን የሚገርዝ፥ ንቅሳት የሚነቅስ ሰው፥ ምላጩ ደም ባይታይበትም እንኳ፥ ሳያውቅ በሽታን ከቤት ወደ ቤት ያዞራል። ሽማግሌዎች ሆይ፥ በዚህ ነገር የእናንተ ቃል ከሐኪም ቃል ይልቅ ይሰማል። ግርዛት በጤና ጣቢያ ይሁን፤ እንጥል መቍረጥ ይቅር፤ ለጠጕርም ቢሆን ምላጭ ለየራሱ ይሁን።

በጎን ደግሞ የማያስተላልፈውን ማወቅ ያስፈልጋል። ቢ እና ሲ ከበሽተኛ ጋር በአንድ መሶብ በመብላት፥ በመጨባበጥ፥ በአንድ ወንበር ተቀምጦ በመማር አይተላለፉም። ስለዚህ ቫይረሱ ተገኘበት ተብሎ ልጅን ከትምህርት ቤት ማስወጣት፥ ሙሽራን ማስጠላት፥ ሠራተኛን ማባረር ከእውቀት ጋር የማይስማማ ግፍ ነው። እንዲህ ያለው ግፍ በሽታን አያጠፋም፤ ሰው እንዳይመረመርና ሕመሙን እንዲደብቅ ብቻ ያደርገዋል። በሽታውን የደበቀ ደግሞ መድኃኒት አይገኝለትም።

8ኛ። ጉበትን የሚጎዱ ሌሎች ነገሮች

አንደኛው አረም ነው። በሰሜን ምዕራብ ትግራይ በአንድ መንደር ከ2001 ገደማ ጀምሮ ሰዎች ሆዳቸው ውሃ እየቋጠረ ይሞቱ ጀመር፤ ምክንያቱ ለብዙ ጊዜ ተሰወረ። ተመራማሪዎች በኋላ እንዳገኙት፥ ጉበትን የሚያደነድን መርዝ ያለው የአረም ዘር ከእህሉ ጋር ተቀላቅሎ ይበላ ነበር። ስለዚህ ማሳን በጊዜው ማረም፥ እህልንም ከመፍጨት አስቀድሞ በሚገባ መልቀምና ማበጠር የጽዳት ሥራ ብቻ ሳይሆን ሕይወትን ማዳን ነው።

ሁለተኛው ሻጋታ ነው። በ1960 በእንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ የሚሆኑ የቱርክ ዶሮዎች በድንገት ሞቱ። ሲመረመር በበሉት ኦቾሎኒ ላይ የበቀለ ሻጋታ መርዝ ሆኖ ተገኘ፤ አፍላቶክሲን ተባለ። ይህ መርዝ በሰው ላይ የጉበት ካንሰር ያመጣል፤ ቢ የተባለው ቫይረስ ካለበት ሰው ጋር ሲገናኝ ደግሞ አደጋው ይበረታል። በመቀቀልም ሆነ በመቍላት በሙሉ አይጠፋም። ስለዚህ በቆሎና ኦቾሎኒ በሚገባ ደርቀው፥ ከመሬት ከፍ ባለ ደረቅ ጎተራ ይቀመጡ፤ የሻገተው አይበላ፥ ለከብትም አይሰጥ።

ሦስተኛው አልኮል ነው። አረቄን በየቀኑ የሚጠጣ ሰው ጉበቱ በመጀመሪያ ይሰባል፥ ቀጥሎ ይቈስላል፥ በመጨረሻም ይደነድናል። ሳይደነድን ቢተው ግን ጉበቱ ሊያገግም ይችላል።

አራተኛው ቢልሃርዝያ ነው። በወንዝና በመስኖ ውሃ ከሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች የሚወጣ ትል፥ ውሃ ውስጥ የቆመውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል፤ እንቍላሉም በጉበት ተሰክቶ ያጠብበዋል። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ ወንዝ አጠገብ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ስፍራ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ፤ መርምሮም እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል አስረዳ። እናቶቻችን ለልብስ ብቻ ያወቁት ተክል ለዓለም ሊቃውንት ትምህርት ሆነ።

9ኛ። ምን እናድርግ

መምህር ጠዋት ተማሪዎቹን ሲቆጥር የዓይናቸውን ነጭ ክፍል በቀን ብርሃን ይመልከት። ቢጫ ያየበትን ልጅ ሳያሳፍረው ለወላጆቹ አስታውቆ ወደ ጤና ኬላ ይላክ። በትምህርት ቤቱ መጸዳጃ ከውሃ ራቅ ብሎ ይቈፈር፤ እጅ መታጠቢያም በሳሙና ወይም በአመድ ይዘጋጅ። የሚጠጣ ውሃ የሚያጠራጥር ከሆነ ይፈላ።

በቤት የተኛውን በሽተኛ ማስቀዘፍ፥ በማይታወቅ ሥር ማስታመም፥ ምግብ መከልከልም አይገባም። ቀድሞ የቈሰለው ጉበት ሌላ መርዝ መሸከም አይችልምና። የባህል ዐዋቂዎች ብዙ የሚጠቅም ነገር እንደሚያውቁ አንክድም፤ የእንዶድ ነገር ምስክር ነው። ነገር ግን መጠኑ ያልታወቀ መድኃኒት ለጉበት በሽተኛ እንደ ጨለማ መንገድ ነው። ዕረፍት፥ ንጹሕ ውሃና የተስማማውን ምግብ ይስጡት፤ አልኮል ይከልክሉት። ከሱቅ የሚገዛ የሕመም ማስታገሻም ከመጠን ሲያልፍ ጉበትን ስለሚጎዳ፥ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይውሰድ።

ከዚህ ቀጥሎ ካሉት ምልክቶች አንዱ ቢታይ ግን በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል፤ በሽተኛው ቢቃዥ ወይም ከእንቅልፍ አልነሣ ቢል፤ ደም ቢያስመልሰው ወይም ዓይነ ምድሩ እንደ ሬንጅ ቢጠቍር፤ ሆዱ ቢነፋ፤ የሚያስመልሰው ሳያቋርጥ ቢቀር፤ በሽተኛዋ እርጉዝ ብትሆን።

ምርመራ የሚደረገውም ለማስፈራት ሳይሆን ለማዳን ነው። ሲ የተባለው ዛሬ በሚዋጥ ኪኒን ከ8 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ከ100 ከ95 በላይ በሚሆኑት ላይ ፈጽሞ ይጠፋል። ቢ የተባለውን እስከ መጨረሻው የሚነቅል መድኃኒት እስካሁን ባይገኝም፥ ጉበቱን እንዳያደነድን ይዞ የሚያቆይ ኪኒን አለ። ቀድሞ ያወቀ ሰው ዕድሜውን ያተርፋል።

አባቶቻችን ይህን በሽታ በወፍ ስም የጠሩት በዘመናቸው ያዩት ነገር ያን ያህል ስለ ነበረ ነው፤ አይነቀፉበትም። እኛ ግን የበለጠ ካየን በኋላ እንደማያይ ሰው ብንኖር ልጆቻችን ይጠይቁናል። ምንጫችሁን አጥሩ፥ ምላጫችሁን ለዩ፥ ልጆቻችሁን አስከትቡ፥ እህላችሁን አድርቁ። ሌሊት የምትበረዋን ወፍ ግን ተዉአት፤ በዚህ ነገር በደል የለባትም።

ለተማሪዎች የሚቀርብ ጥያቄ

1። ጉበት በሰውነት ውስጥ በየትኛው በኩል ይገኛል? በኬላስ የተመሰለው ስለ ምንድር ነው?
2። ጿሚ ሰው እህል ሳይቀምስ ሲቆይ ኀይል የሚያገኘው ከየት ነው?
3። ዓይን ቢጫ፥ ሽንት ጥቁር፥ ዓይነ ምድር ነጭ የሚሆንበትን ምክንያት አስረዳ።
4። በውሃ የሚመጡትንና በደም የሚመጡትን የጉበት ቫይረሶች ለይተህ ተናገር።
5። በወሊድ ጊዜ በቢ የተያዘ ሕፃን ከአዋቂ ይልቅ የሚጎዳው ለምንድር ነው? ምንስ ይጠብቀዋል?
6። ቢ ያለበት ልጅ ከጓደኞቹ ጋር በአንድ መሶብ ቢበላ ይተላለፍባቸዋልን? በአንድ ምላጭስ ቢላጩ?